ሰዓት የሚነክሰው ልጅ

አዲስ አበባ፣ አራዳ
መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.

የዓይኔ ብርሃን፣ ልጄ የሺዓለም፤

እንደምን አለሽልኝ? የአሥመራ ብርድ ደረትሽን እንዳይመታሽ ጋቢሽን አትጣይ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ዘንድሮ ይህን ቃል በጻፍኩልሽ ቁጥር ቶሎ ወደ ሌላ ወሬ እሸሽ ነበር፤ ዛሬ ግን እውነት ስለሆነ በድፍረት ጻፍኩት።

ተቀመጪና አንብቢው። በመስከረም ደብዳቤዬ ልጅሽ ገነነ «እማዬ መቼ ነው የምትመጣው?» ይላል ብዬሽ አልነበር? ውሸት ነው። አላለም። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሞልቶት አንድ ቃል አልወጣውም ነበር። እውነቱን ብነግርሽ የነርስነት ትምህርትሽን ጥለሽ በማግስቱ አውቶቡስ ትሳፈሪያለሽ ብዬ ፈራሁ። ደግሞም አፍሬ ነበር። የሰፈሩ ሰው «ይሄ ልጅ ምን ነካው?» ሲለኝ «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» እያልኩ አባርረው ነበር። እናትሽ በሕይወት ብትኖር ገና በዓመቱ ታውቀው ነበር።

ልጁ ግን ብልህ ነው። ከባንኮኒዬ ሥር ተቀምጦ የጠገንኩትን የኪስ ሰዓት ሁሉ እያነሳ በጥርሱ ይነክሳል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይስቃል። እኔ ሞኙ «ሙያዬን ወረሰ!» እያልኩ ለደንበኛ ሁሉ አሳየው ነበር።

ጎረቤታችንን ሸሪፋን ታውቂያታለሽ፤ የአብዱልሃኪም ሚስት፣ ቅመም ሻጯ። በጥር አንድ ቀን ሱቄ ገብታ ከገነነ ጀርባ የብረት ዘነዘና ጣለች። እኔ ከወንበሬ ዘለልኩ፤ እሱ ዞር እንኳ አላለም።

«ጋሼ አባይነህ፣ ይሄ ልጅ ዝም ያለው አልሰማ ብሎት ነው። የእህቴም ልጅ እንዲህ ነበር» አለችኝ።

«የሰውን ልጅ ደንቆሮ ለማለት ነው ብረት ተሸክመሽ የመጣሽው?» ብዬ አስወጣኋት። ሦስት ሳምንት ሰላም አላልኳትም። እሷ እቴ! በየቀኑ በሬ ላይ ቆማ «ሐኪም ቤት ወሰዱት?» ትለኛለች። በመጨረሻ ከምላሷ ለመገላገል ስል ወሰድኩት።

ሐኪሙ ሹካ የመሰለ ብረት መትቶ ጆሮው አጠገብ ያዘ፤ ገነነ ዝም። ያንኑ ብረት ግንባሩ ላይ ሲያስነካው ግን ልጅሽ ሳቀ! ያን ሳቅ አውቀዋለሁ፤ ሰዓት ሲነክስ የሚስቀው ነው። ለካ በጥርሱ ነበር የሚያዳምጠው። አዬ ጉዴ! ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ሰዓት ሳዳምጥ ኖሬ የገዛ የልጅ ልጄን አላዳመጥኩም።

በሕፃንነቱ የያዘው የጆሮ ሕመም ከውስጥ አፍኖት ነው እንጂ ጆሮው አልጠፋም። አጥበውለት መድኃኒት ሰጡን፤ በየወሩ እንመላለሳለን። «ከሩቅ አይጥሩት። አፍዎን እንዲያይ ፊት ለፊቱ ይቀመጡ፤ ዕቃውን እያሳዩ አንድ አንድ ቃል ጮክ ብለው ይንገሩት» አለኝ ሐኪሙ። እኔና ሸሪፋ ታርቀን ተራ ገባን። ጠዋት እኔ «ሰዓት» ስል፣ ከምሳ በኋላ እሷ «ዝንጅብል» ስትል ጉሮሯችን ተዘጋ። ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚወርደው ሁሉ ሳቀብን። ይሳቅ!

ባለፈው ማክሰኞ ፎቶግራፍሽን እያሳየሁ «እማ» አልኩት። አፌን አየ፣ ጣቱን ፎቶው ላይ አደረገና «እማ» አለ። ጥርት አድርጎ! ተመስገን አምላኬ፣ ከደረቴ ላይ ድንጋይ ተነሳልኝ።

ገና ብዙ ይቀረዋል፤ ከእኩዮቹ እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል። አንቺ ግን ትምህርትሽን እንዳታቋርጪ። ስትመጪም ከበር ሆነሽ አትጥሪው፤ ፊቱ ቁጢጥ በይለት።

አንዴ የዋሸ ሰው እንደማይታመን አውቃለሁ። ስለዚህ ምስክር አቁሜያለሁ። ሸሪፋ የምትለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፋለሁ፤ ባሏ አንብቦላት በጣቷ ትፈርማለች።

የረገጥሽው ይለምልም፣ የያዝሽው ይባረክ።

አባትሽ፣ አባይነህ ወልደገብርኤል

ምስክር፦ እኔ ሸሪፋ፣ ገነነ «እማ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ወላሂ። ነገር ግን ከዚያ በፊት እሑድ ዕለት «ሸሪ» ብሎ እኔን ጠርቶኛል፤ ጋሼ ቀንተው ነው ያልጻፉልሽ። እስካሁን እሳቸውን አልጠራቸውም። «እማ» ያለ ቀን ደግሞ ሱቁን በጠራራ ፀሐይ ዘግተው፣ ልጁን ታቅፈው ሲያለቅሱ አግኝቻቸዋለሁ። ይህንንም አልጽፍም ብለው ነበር፤ ካልጻፉ አልፈርምም አልኳቸው።

(የሸሪፋ አውራ ጣት)