የተከለከለ ለቅሶ

እሁድ፣ ኅዳር 8

የእድር ስብሰባ። ላምበረት ጀርባ ያለችው አዳራሽ ዛሬም ወንበር አልበቃትም። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ድንኳንና አግዳሚ ከማውጣት ውጪ ሥራ የለኝም፣ ሰዉ ሲጨቃጨቅ ሳዛጋ ቆየሁ። ጭቅጭቁ ቀብር የማይመጣ አንድ አባል ላይ ነው። ይመከር? ይቀጣ? ሻለቃ ዘርአጽዮን ተነሱ። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ በኮታቸው ጎትታ ልታስቀምጣቸው ሞከረች… እምቢ አሉ።

«በዚህ ሰውዬ ላይ እርምጃ መውሰድ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። እኔ ማዛጋቴን ተውኩ። ቃሉን ማንም ይለዋል፣ ቴሌቪዥኑም ቀኑን ሙሉ ይለዋል። ግን እንዲህ «እር» ላይ ቆም ብሎ፣ ቀሪውን እንደ ምራቅ የሚተፋ… አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። ልጅ ሳለሁ፣ በራችን ላይ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ከካርጎ ሥራ ስመለስ ለእናቴ ነገርኳት። ባልነግራት ይሻል ነበር? ግራ ጆሮውን አይተሻል ወይ አለችኝ። ያኔ በራችን ላይ የቆመው መቶ አለቃ ግራ ጆሮው ጫፉ የተቆረጠ ነበር። ሻለቃ ደግሞ ኮፍያቸውን እስከ ጆሯቸው ነው የሚደፉት… ሁሌም።

በ1970 ነው። ወንድሜን ምሩጽን ወሰዱት። ወረቀት የለም፣ ችሎት የለም። ከሳሹ ወታደር፣ ዳኛው ወታደር፣ ተኳሹም ወታደር። በሳምንቱ ያ መቶ አለቃ መጣና እናቴን «ልጅሽ ላይ አብዮታዊ እርምጃ ተወስዷል። ማልቀስ ክልክል ነው» አላት። የት እንደቀበሩት ጠየቀችው። ጀርባውን ሰጥቷት ሄደ። ጎረቤት በሩን ዘጋ። ድንኳን የለ፣ ነጠላ ማዘቅዘቅ የለ። እናቴ ትራሷን ነክሳ ለቅሶዋን ዋጠች። ከዚያ ወዲህ የሰው ለቅሶ ስትሄድ እንኳ ዓይኗ ደረቅ ነው።

እሁድ፣ ኅዳር 15

ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ኮፍያውን አወለቀ። ግራ ጆሮ… ጫፉ የለም።

ከዛሬ ጀምሮ አንቱታ የለም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

ታክሲ ውስጥ ሆን ብዬ ከጎኑ ተቀመጥኩ። እስከ መገናኛ ድረስ ስለዚያ ዘመን ጠየቅኩት። ደስ አለው፤ የሚሰማው ሰው አጥቶ ኖሯል። የአብዮት ጥበቃ አዛዥ እንደነበር አወራኝ፣ የድሮ ሰፈራችንን በስሙ ጠራው። ያኔ ሥርዓት ነበር አለኝ። አንድ ሰው ያዛል፣ አለቀ። የሚጠይቅ የለ፣ የሚከራከር የለ። የሟቾቹ እናቶችስ አልኩት።

«የአገር ጠላት ሞተ ተብሎ ይለቀሳል እንዴ?»

ስወርድ ደግሞ በርቺ ልጄ አለኝ። ልጄ!

ይሙት አልልም። በዚህ ዕድሜው ሞት ምን ቅጣት አለው? በቁሙ እንዲቃጠል ነው የምፈልገው። ግን በምን?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ማለዳ የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ። እትዬ ብርቄ ሞታለች… ደም ግፊቷ ተነስቶ። እሱ ሳይሆን እሷ። እናቴ ስትታመም አጥሚት ይዛ ከደጃችን የማትጠፋው። አለቀስኩ። ወዲያው ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ፤ ድንኳኑ እኮ በኔ እጅ ነው። ያለ ድንኳን ይቀመጥ፣ እስቲ እሱም ይቅመሰው። ስልኬን አጠፋሁ። የእድሩ ዳኛ ቀነኒሳ ቤታችን ድረስ መጥቶ በሩን ደበደበ። አልከፈትኩም።

እናቴ ከጓዳ ወጣች፣ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ።

«ድንኳኑን ስጪው፣ ማዕዛ ጓለይ። እኔን ግን እዚያ ውሰጂኝ።» ልጄ የምትለኝ ሁሌም በትግርኛዋ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 25

ይሄን ሳልጽፍ አልተኛም።

ከቀብር መልስ እናቴን ደግፌ ገባሁ። ድንኳኑ ጢም ብሏል። መጀመሪያ ለብርቄ አለቀሰች፣ እንደ ወጉ። ከዚያ ዞራ ፊት ለፊቱ ቆመች። ነጠላዋን አዘቀዘቀች። «ምሩጽ ወደይ፣ ልጄ» ብላ ደረቷን መታች። ሴቶቹ የማን ስም ነው ብለው ተያዩ። እሷ አላቆመችም። ምሩጽ ማን እንደነበር፣ ማን እንደወሰደው፣ ለቅሶውን ማን እንደከለከላት በሙሾዋ እየደረደረች ሁሉን ተናገረች። በመጨረሻ ዓይን ዓይኑን እያየች ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀችው።

«ሻለቃ፣ ዛሬስ ማልቀስ ክልክል ነው?»

አንገቱን ደፋ። አንዷ ሴት ተቀበለቻት፣ ሌላዋም፣ ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ ለወንድሜ አለቀሰ።

በሚስቱ ለቅሶ ላይ። ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ደስ አለኝ። አንገቱን ሲደፋ ዓይኔን አልነቀልኩም፤ እያንዳንዷን ደቂቃ ጠጣኋት። ብርቄ ይቅር በይኝ… ለሱ ግን ይቅርታ የለኝም።

አርብ፣ ኅዳር 27

የብርቄ ሰልስት። አልሄድኩም። እናቴ ከዚያን ቀን ወዲህ እንባዋ አልቆመም፣ እንቅልፍ ላይ ሆና እንኳ ይወርዳል። ምን አደረግኳት? ይብቃሽ ስላት ተይኝ አለች። ተውኳት።

ከሰዓት ቀነኒሳ ደወለ። ልወቀስ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ሻለቃ በሩን ዘግቶ እንደተቀመጠ፣ ለቀስተኛውም እንደተበተነ ነገረኝ። ኮሚቴው ተሰብስቧል። ደንቡን ቢያገላብጡ ዘመን ቆይቶ ስለሚቀመጡት ለቅሶ የሚል ነገር አጡ፤ ስለዚህ ድምፅ ሰጡ። እጁን ያላወጣ የለም አለኝ።

ስልኩን እንደያዝኩ ወደ እናቴ ክፍል ዞርኩ።

«ድንኳኑን ከዚያ ነቅለነዋል» አለኝ። «እናንተ በር ላይ በስንት ሰዓት እንትከለው?»