ሁለት ድንኳን የተተከለላቸው የምክር ቤት አባል፦ ወይዘሮ ኸድራ ዱዓሌ ሽርዶን (1951–2014)

የወይዘሮ ኸድራ የአባት ወገኖች የለቅሶው ድንኳን በሐርጌሳው አሕመድ ዳጋህ ሰፈር መሆን አለበት ማለታቸውን አልተዉም። የባላቸው ወገኖች በበኩላቸው ያገባች ሴት የምትለቀሰው በባሏ ደጅ ነው ብለው በጋአን ሊባህ ሰፈር ተክለው ጨርሰዋል። ይህ ጽሑፍ እስከተዘጋጀበት ሰዓት ድረስ ለአንዲት ሟች ሁለት ድንኳን ቆሟል፤ ከአንዱ የተነሣ ለቀስተኛ ወደ ሌላው ሲገባም ከወዲያ ምን ሲባል ሰማህ ተብሎ ይጠየቃል። ለቅሶውን የተቀበለ ወገን ነገ የምክር ቤቱም ወንበር የእኛ ነው ይላል ተብሎ ስለሚጠረጠር፣ ገመዱን ቀድሞ ሊፈታ የፈቀደ የለም። እኛ ከድሬዳዋ የመጣን የእናታቸው ዘመዶች የምንጠይቀው ወንበር ስለሌለን፣ በአማርኛ የሚነበበውን የሕይወት ታሪካቸውን እንድንጽፍ ሁለቱም ፈቅደውልናል። ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወይዘሮ ኸድራ ከሐርጌሳው የጨርቅ ነጋዴ ከአቶ ዱዓሌ ሽርዶንና ከድሬዳዋ ተወላጇ ከወይዘሮ ሰብሪያ በ1951 በድሬዳዋ ከተማ፣ መጋላ ሰፈር ተወለዱ። ከአባታቸው ጋር ሶማልኛ፣ ከእናታቸው ጋር አማርኛ እየተናገሩ አደጉ። ቁርኣን ከቀሩ በኋላ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ድሬዳዋ አጠናቀው፣ ሐረር በአዋላጅ ነርስነት ሠልጥነው በ1971 ተመረቁ። በ1973 የጭነት መኪና ባለቤት የሆኑትን አቶ ሮብሌን አግብተው ሐርጌሳ ገቡ። የአቶ ሮብሌ ጎሳ ከአባታቸው ጎሳ የተለየ ነበር። ሁለቱን ወገን ያስተሳስራል ተብሎ ጋብቻው በብዙ ዱዓ ተመርቋል።

በከተማው ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል ተቀጠሩ። ምጥ ሲጠና ከአፋቸው የሚቀድመው የእናታቸው ቋንቋ ነበርና ወላዷን ሁሉ "አይዞሽ" ይሏት ነበር። በ1977 በኢትዮጵያና በሶማሊያ መካከል ጦርነት ሲነሣ፣ በር ላይ ሆኖ ሚስቱን የሚጠብቅ አንድ ሰው ቃሉን ሰምቶ የጠላት ምልክት ነው ሲል አመለከተ። ለወራት ከሥራ ታገዱ። ምርመራው ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ሲደርስበት ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ከዚያ በኋላ ግን በመንገድም በገበያም አማርኛ ሲናገሩ አልተሰሙም። ለእናታቸው እንኳ የሚልኩትን መልእክት በሶማልኛ አደረጉት።

በ1988 ሐርጌሳ በቦምብ ስትፈርስ ከባላቸውና ከልጆቻቸው ጋር በእግር ድንበር ተሻግረው ሐርተሼክ የስደተኞች ጣቢያ ደረሱ። እዚያ ደግሞ አማርኛቸው ተፈለገ። ስለ ውኃውና ስለ ስንዴው ከኢትዮጵያ ሹማምንት ጋር የሚነጋገሩት እሳቸው ነበሩ። የአባታቸው ታናሽ ወንድም፣ የወገኑ ዋና ሽማግሌ የነበሩት አቶ ዒዲል፣ የወንድማቸው ልጅ ሌላ ነገር እንዳይናገሩ ብለው በስብሰባው ሁሉ አንድ ሰው ያስቀምጡ ነበር። ሰውየው አማርኛ አይችልም። ሥራው ፊታቸውን ማየት ነበር።

በ1991 ወደ ሐርጌሳ ተመለሱ። ከቤታቸው የቀረው ግድግዳው ነበር። አቶ ሮብሌ ጣሪያውን በድንኳን ሸራ ሸፈኑት፤ ወይዘሮ ኸድራ ከዚያ እየተነሡ፣ ፈንጂ ያልተለቀመበትን መንገድ እየመረጡ ከፍርስራሽ ወደ ፍርስራሽ ሄዱ። ከተማዋ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ስትነሣ የተወለዱት የአሕመድ ዳጋህና የጋአን ሊባህ ልጆች ብዙዎቹ በእጃቸው የወጡ ናቸው። የማን ወገን እንደሆነ ጠይቀው የተቀበሉት ልጅ የለም።

በ2005 በሐርጌሳ የተወካዮች ምክር ቤት ምርጫ ሲታወጅ እወዳደራለሁ አሉ። የአባታቸው ወገን ሽማግሌዎች ወንበሩ በባሏ በኩል ወደነሮብሌ ይሄዳል ብለው ከለከሉ። የባላቸው ወገን ሽማግሌዎች ደግሞ ደሟ የአባቷ ነው፣ ሲጨንቃት ወደ ወንድሞቿ ትዞራለች ብለው ከለከሉ። ሁለቱም በየፊናቸው የወገናቸውን ወንዶች ድምፅ እንዳይሰጧት አስማሉ። አቶ ሮብሌም በወገናቸው ስብሰባ ተነሥተው ምለዋል። ወይዘሮ ኸድራ ቅር አልተሰኙም፤ ድምፃቸውን ለማን እንደሰጡም በሕይወታቸው ሙሉ ባላቸውን ጠይቀዋቸው አያውቁም።

ውጤቱ ሲነበብ አሸንፈው ተገኙ።

ያን ሰሞን በአንድ ነገር ተስማምተው የማያውቁት ሁለቱ ወገኖች፣ ሴትዮዋ አላሸነፈችም በሚለው ተስማሙና በአንድ ግራር ሥር ተሰበሰቡ። ድምፅ አልሰጠናትም፣ እንግዲህ በጭነት መኪና ከድንበር ማዶ ሰው አምጥታ አስመርጣለች ነበር ክሱ። የባላቸው መኪና ምርጫው በዋለበት ሳምንት ወዴት እንደሄደች ተጠየቀ፤ ስሚንቶ ስትጭን እንደነበር የሚያውቁትም ሳይቀሩ ጠየቁ። ወይዘሮ ኸድራ ተጠርተው መጡ።

አቶ ዒዲል፣ "ኸድራ፣ እኛ አልሰጠንሽም። እነሱም አልሰጡሽም። ታዲያ ይህ ሁሉ ድምፅ ከሰማይ ወረደ?" አሏቸው።

ከባላቸው ወገን አንዱ ቀበል አድርገው፣ ሰጠን የሚሉ ካሉ ትጥራቸውና እዚህ ቆመው ይመስክሩ፣ ያኔ እናምናለን አሉ።

"እጠራቸዋለሁ" አሉ ወይዘሮ ኸድራ። "ግን አዴር ዒዲል፣ አጎቴ፣ ወንዶቹ ሁላችሁም አልሰጠንም ብላችሁ ምላችኋል፤ መሐላችሁንም አምናለሁ። እንግዲህ የሚመጡት ሚስቶቻችሁ ናቸው። ነገ ከዚህ ግራር ሥር የማን ሚስት እንደምትቆም ለማየት የቸኮለ ካለ እጁን ያንሣ።"

አንድ ሽማግሌ የዙሁር ሰላት ደርሷል ብለው ተነሡ፤ ገና አልደረሰም ነበር። ሌሎቹም ተከትለዋቸው ተነሡ፤ አቤቱታውም በዚያው ቀረ።

አቶ ሮብሌ ወደ ቤት ሲመለሱ፣ እውነት ትጠሪያቸው ነበር ወይ ብለው ጠየቋቸው። "አንዷንም አልጠራም ነበር" አሉ ወይዘሮ ኸድራ። "ማን እንደሰጠችኝ እኔ ካወቅሁ ባሏም ማወቁ አይቀርም። አላውቅም፤ አልጠይቅምም።"

ወንበሩ ጸናላቸው፤ ዋጋው ግን ከባድ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ ባል የገዛ ቤቱን ይጠረጥር ጀመር። ኸድራ ትጠራ ያለች ሴት ድምፅሽን ለእሷ ሰጥተሻል እንዳትባል ስለፈራች፣ ምጥ ሲመጣ የሚጠራቸው ጠፋ። በ2006 አንድ ዓርብ የአቶ ዒዲል ምራት ወይዘሮ ዓናብ ምጥ ያዛቸው። ቤቱ ከወይዘሮ ኸድራ ቤት ሩቅ አልነበረም። ወይዘሮ ኸድራ መሣሪያቸውን ቀቅለው፣ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ደጃፋቸው ላይ ተቀመጡ። ከጁምዓ ሰላት በፊት ሁለት ጊዜ ሄደው በር አንኳኩ፤ ሁለት ጊዜም ደህና ናት ተብለው ተመለሱ። መኪና ተፈልጎ ሆስፒታል እስኪደረስ እናቲቱ ተረፉ፤ ሕፃኑ አልተረፈም። አላህ ይርሐማቸውና አቶ ዒዲል በ2010 አርፈዋል። ይህን የምንጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ከዚህ በኋላ የሠሩት ሥራ ያለዚህ ስለማይገባ ነው።

በምክር ቤቱ ያሳለፉት ዘመን አንድ ነገር ሲጠይቁ ያለፈ ነው ማለት ይቻላል፤ ሴት ማንንም ሳታስፈቅድ ገብታ የምትወልድበት ቤት። በጀቱ ላይ ሲናገሩ አሕመድ ዳጋህ ልታሠራው ነው፣ ለወንድሞቿ ነው ተባለ። በሚቀጥለው ስብሰባ ጋአን ሊባህ ነው፣ ለባሏ ነው ተባለ። ሦስት ዓመት ከተጓተተ በኋላ ተፈናቃዮችና ከኢትዮጵያ የመጡ ሠራተኞች በሚኖሩበት በሼክ ኑር ሰፈር እንዲሠራ ጠየቁ። ከሁለቱ ወገኖች ማንም የእኔ ነው የማይለው ቦታ ስለነበር የተቃወመ አልተገኘም፤ ድሮም የሐበሻ ሰው ናት ግን ተባለ። የማዋለጃ ቤቱ በ2009 ተከፈተ። የማን ወገን ነሽ የሚል ጥያቄ በዚያ በር እንዳይጠየቅ ደነገጉ። መጀመሪያ የመጡት ከኢትዮጵያ የመጡ እኅቶቻችን ነበሩ፤ ወይዘሮ ኸድራም ከስንት ዘመን በኋላ "አይዞሽ" ማለትን ድምፃቸውን ሳይቀንሱ ጀመሩ። ቀስ በቀስ ከመሀል ከተማ በታክሲ እየመጡ፣ ፊታቸውን ሸፍነው የሚወርዱ ሴቶችም በዙ።

ስለ ወተቱም ሳይነገር አይታለፍም። የግራሩ ሥር ስብሰባ በተደረገ ሳምንት፣ በቤታቸው የጓሮ በር በኩል አንድ ትንሽ ጀሪካን የግመል ወተት ተቀምጦ ተገኘ። ያስቀመጠችው አልታየችም። ልጃቸው ዛምዛም መርዝ ይሆናል ብላ ልትደፋው ስትል አቶ ሮብሌ ለድመቷ ቀዱላትና እስከ አስር ሰላት ሲጠብቋት ዋሉ። ድመቷ ጨምሩልኝ ብላ ጮኸች። ከዚያ ወዲህ በዒድም፣ በረመዳንም፣ ወይዘሮ ኸድራ አመማቸው በተባለ ቁጥርም ወተት ይመጣ ነበር። ወተት ሻጮች የራሳቸውን ለመለየት እንደሚያደርጉት በጀሪካኖቹ እጀታ ላይ የቀይ፣ የአረንጓዴ፣ የአበባማ ጨርቅ ቁራጭ ታስሯል። ዛምዛም በጨርቁ ባለቤቶቹን ገበያ ላይ ልትፈልግ ብትነሣ እናቷ ከለከሏት። ባዶዎቹን አጥበው በጓሮ ግድግዳ ሥር ደረደሯቸው። የሚወስዳቸው ስላልመጣ ድርድሩ በየዓመቱ ረዘመ።

ወይዘሮ ኸድራ በ2012 በኩላሊት ሕመም ተያዙ። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ሄደው ታከሙ፤ ምን ሊመክሩ ሄዱ የሚል ወሬ ስለተከተላቸው ለሁለተኛ ጊዜ ሂጂ ሲባሉ እምቢ አሉ። በመጨረሻው ወር ከአልጋቸው ሆነው ስለ ማዋለጃ ቤቱ ጄኔሬተር ነዳጅ ይጠይቁ ነበር። ሐሙስ ኦክቶበር 16 ቀን 2014 ጠዋት፣ በ63 ዓመታቸው ወደ ጌታቸው ተመለሱ። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። ባለቤታቸውን አቶ ሮብሌን፣ ልጆቻቸውን ዛምዛምንና ናስርን፣ አምስት የልጅ ልጆችንና በድሬዳዋ ያለነውን ዘመዶቻቸውን ትተው ሄደዋል። ሲጠረጥሯቸው የኖሩትን ሁሉ ይቅር ብለዋል፤ ይህን በአፋቸው ነግረውናል። አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፤ እሳቸው ሌሎችን በደስታ እንደተቀበሉ መላእክቱ በደስታ ይቀበሏቸው፤ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቃቸው።

ቀብሩ የተፈጸመው ሐሙስ ከአስር ሰላት በኋላ ነው። ወንዶቹ ጀናዛውን ይዘው ሲወጡ ቤቱ ከሁለቱም ሰፈርና ከሼክ ኑር በመጡ ሴቶች ሞልቶ ነበር፤ ከቁርኣን ያሲንን እየቀሩ ቆዩ። ወንዶቹ ከመቃብር ሲመለሱ የድንኳኑ ነገር ተነሣ። የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች በፊተኛው በር ላይ ቆመው፣ ማን ቀድሞ ገመድ እንደዘረጋ፣ ማን ማንን ሳያማክር ምንጣፍ እንዳነጠፈ ተከራከሩ። ሴቶቹ በዚህ መሀል ተነሥተው ጫማቸውን አጠለቁና በጓሮ በኩል አንድ በአንድ ወደየቤታቸው ሄዱ። ማታ ዛምዛም ውኃ ልትቀዳ ወደ ጓሮ ስትወጣ፣ ግድግዳው ሥር አንድም ጀሪካን አልነበረም።