ለኬስለር በዓል ሙክት ስላደረጉን የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለክቡር አቶ ረስል ኦልትሃውስ፣
የሎውደን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ጉዳዮች ዋና ዳይሬክተር

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም አንገትዎን ፈጣሪ ይጠብቅልዎ፤ ባለፈው ቅዳሜ ከእንግዶች ሰገነት ላይ ሆነው ቁልቁል ሲመለከቱ ስለዋሉ ሳያምዎ አልቀረም ብዬ እሰጋለሁ።

እኔ ዶሪን ሃፍስቴተር እባላለሁ። በሎውደን ከተማ የልብስ ማጠቢያ ቤት አለኝ። የአሜሪካ ፉትቦል ቡድናችን የበቅሎዎቹ ደጋፊ የሆንኩት ግን በእግሬ መሄድ ሳልጀምር፣ አባቴ ትከሻው ላይ አድርጎ ስታዲየም ካስገባኝ ጊዜ አንስቶ ነው። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ያወጣሁት ክቡርነትዎን ለማሳጣት ሳይሆን፣ ቢሮዎ ሥራ ስለሚበዛበት ለብቻዎ ብልከው ከወረቀት ክምር ሥር እንዳይቀር አስቤልዎ ነው። ምስጋናዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ከብርድ ስላወጡን አመሰግናለሁ። ከጎረቤታችን ከኬስለር ጭልፊቶች ጋር የምንገናኘው ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ በኅዳር መጨረሻ ቅዳሜ እንደነበር ያውቃሉ። ያን ቀን ብርድ ልብስ ተከናንቦ ያልተንቀጠቀጠ፣ ድምፁ እስኪዘጋ ያልተሳደበ፣ ከአማቱ ወይም ከዋርሳው ያልተኳረፈ ሰው የሎውደን ሰው አይባልም ነበር። እርስዎ ግን አዘኑልንና ጨዋታውን ወደ ጥቅምት አምጥተው፣ በኬስለር የመመለሻ በዓል ላይ ተጋባዥ አደረጉን። የመመለሻ በዓል ማለት የቀድሞ ተማሪዎች ከያሉበት ተሰብስበው፣ ያጌጠ መኪና አሰልፈው፣ ለንግሥታቸው ዘውድ ጭነው፣ በመጨረሻም ቡድናቸው ሲያሸንፍ አይተው ጠግበው የሚበተኑበት ቀን ስለሆነ፣ ለዚያ ቀን የሚጠራው ቡድን ተመርጦ ነው የሚጠራው። እኛም ራሳችን ስንጠራ ተጫዋቾቹ ከአውቶቡስ ሲወርዱ አንጀት የሚበሉ፣ ስሙን ሰምተነው የማናውቀውን ኮሌጅ ፈልገን ነው። እርስዎ ይህን ሁሉ እያወቁ «ለቡድናችን ትልቅ መድረክ ነው» ብለው ፈረሙ። ለሙክትም እኮ የሚታረድበት ደጅ መድረኩ ነው።

ወሬውን የነገረኝ የባለቤቴ ወንድም ሮይስ ነው፤ ኬስለር የተማረ ሰው ነው፣ ይህንንም አንድ ቀን አስረስቶን አያውቅም። ሐምሌ ላይ ጓሯችን ውስጥ ሥጋ እየጠበስን ሳለ ሹካውን እንደያዘ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ዶሪንዬ፣ ለበዓላችን የሚታረድ አጥተን ስንጨነቅ፣ የእናንተ ሰውዬ ገመዱን በገዛ እጁ አቀበለን፤ እግዜር ይስጠው!» አለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ለሮይስ መልስ አጥቼ የማላውቅ ሴትዮ አፌን በዳቦ ሞላሁት። ባለቤቴ እንደሚለው በቤታችን እንደዚያ ቀን ያለ ሰላም ታይቶ አያውቅም፤ ይህም የእርስዎ ሥራ ነው።

ነገሩን በሉተር ቁርስ ቤት ስንበላው ከረምን። ጡረታ የወጣው ፖስተኛ ቨርሊን እንደ ልማዱ ከእርስዎ ጋር ቆመ። «ስድብ አይደለም፣ ልካችን ነው። ወርዋሪያችንን የሚጠብቀው ግንባራችን ወንፊት ነው! አምና ኮልቢ ኳሷን ሊወረውር እጁን ሳያነሳ ሦስት ሰው ደረቱ ላይ አልተቀመጠም?» አለ። እኔም፣ «ክንዱንስ ምን ልትለው ነው? እንደ ኮልቢ የሚወረውር ልጅ በዚህ አገር አንድ አሳየኝ!» አልኩት። «ክንድ ምን ያደርጋል፣ ባለቤቱ ጀርባው ላይ ተንጋሎ!» «ተከላካዮቻችንስ? ጭልፊቶቹ መሮጥ እንጂ መወርወር አይችሉም፤ ሯጭ ደግሞ እናስቆማለን።» ይኼኔ ቨርሊን ወደ ሰዉ ዞሮ፣ «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት፣ እናቴ ፈረስ ናት አለች! ስለ ግንባሩ ስጠይቃት ስለ ክንዱ ትነግረኛለች» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ያሳቀኝ ግን ንዴት ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ማርሽ ባንዳችን አመሰግናለሁ። የእረፍቱ ሰዓት ለኬስለር ንግሥት ዘውድ መጫኛ ስለሆነ የእንግዳው ባንድ ቦታ እንደሌለው ሲነገርዎ፣ ሳይከራከሩ፣ ልጆቹ ቤታቸው ቀርተው ከአውቶቡስ ድካም እንዲያርፉ ፈቀዱላቸው። ልጄ ማርሲ በዚያ ባንድ ውስጥ ትከሻ ላይ የሚጠመጠመውን ትልቁን ቱባ ትነፋለች፤ ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። በየትኛውም ስታዲየም አንድ ጥግ የእኛ እንደሆነ ክቡርነትዎ አይስቱትም። ብናሸንፍም ብንሸነፍም ጨዋታው ሲያልቅ ልጆቹ ወደዚያ ጥግ ሮጠው፣ የራስ ቁራቸውን አውልቀው፣ ባንዱ እየተጫወተ ከእኛ ጋር የዩኒቨርሲቲውን መዝሙር ይዘምራሉ። ማርሲ ኬስለር ላይ ያንን መዝሙር ለመጨረሻ ጊዜ የምትጫወትበትን ቀን አራት ዓመት ጠብቃለች። ባንዱ እንደማይሄድ ስትሰማ አላለቀሰችም፤ «እማ፣ ባንዱ ቢቀር እኛ እንሂድ። ያለ ቱባም ቢሆን እዘምራለሁ» አለችኝ።

ሦስተኛው ላይ ስደርስ ግን ምስጋናውን ለማን እንደምሰጥ ግራ ገብቶኛል፤ የእርስዎ ሥራ ብቻ አይደለምና።

በሉተር ቤት ተነስቼ የቆምኩት እኔ ነኝ። «ማንም እንዳይሄድ! ትኬታችንን እንመልስ፤ ባዶውን ወንበር ይዩት፤ መልሳችን እሱ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ሰው አጨበጨበ። በእኔ ሐሳብ ተስማምቶ የማያውቀው ቨርሊን እንኳ፣ «አሁን ገና እውነት ተናገረች፤ ክብር ይቅደም» አለ። በማግስቱ ቢሮዎ በር ላይ ትኬት መላሹ ተሰልፎ ዋለ። ማርሲንም፣ «የእኔ ልጅ፣ ኩራት አለን እኮ» ብዬ አስቀረኋት። ክቡርነትዎ፣ ክብር ስንል የከረምነው ነገር ፍርሃት ነበር። በዚያ ሁሉ የኬስለር ሰማያዊ ካፖርት መሀል ተቀምጠን ስንሸነፍ መታየት ፈራን፤ የሮይስን ዓይን ፈራን። እርስዎ ልጆቹ ይሸነፋሉ ብለው ሸጧቸው፤ እኛም ይሸነፋሉ ብለን ተውናቸው። በመካከላችን ያለው ልዩነት እርስዎ ግብዣ መብላትዎ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ሁላችንም በሉተር ቤት ቴሌቪዥን ሥር ተሰበሰብን። ያ ወንፊት ያልነው ግንባር ግንብ ሆኖ ዋለ። ኮልቢ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ተዝናንቶ ቆሞ ይወረውር ነበር። ከእረፍት በኋላ ቨርሊን ወንበር ላይ ወጥቶ፣ «ያዙት! ያዙልኝ ይሄን ሯጭ!» እያለ አንገቱ እስኪገተር ይጮኽ ጀመር። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ጭልፊቶቹ የግብ መስመራችን አፍ ላይ ደርሰው፣ ደጋግመው በሩጫ ሊገቡ ሞክረው፣ ልጆቻችን ደጋግመው መለሷቸው። አሸነፍን። «ግንባሩ ነው ብዬ አልነበር!» አለ ቨርሊን፤ ማንም አልተከራከረውም፤ ተቃቅፈን እንዘል ነበር።

ካሜራው መጀመሪያ ያሳየን እርስዎን ነው። ከኬስለሩ ፕሬዚዳንት አጠገብ፣ ለክብር እንግዳ የሚሰጠውን ቢጫ አበባ ደረትዎ ላይ ሰክተው፣ ለማጨብጨብ ያነሱትን እጅ ወዴት እንደሚያደርጉት ጠፍቶዎት ነበር። በአንጀታችን ሳቅን፤ ሳቃችን ግን ብዙም አልቆየም።

ልጆቹ ወደ ጥጋቸው ሮጡ። ኮልቢ ከፊት ነበር፤ ላቡ እየወረደ፣ የራስ ቁሩን አንጠልጥሎ፣ ቀና ሲል ቆመ። የመለስናቸው ወንበሮች ለኬስለር የቀድሞ ተማሪዎች ተሸጠው ኖሯል፤ እዚያ ያሉት ብርድ ልብሳቸውን የሚያጣጥፉ ሰማያዊ የለበሱ ሽማግሌዎች ነበሩ። ከኋላ የመጣው አንድ ግዙፍ ልጅ ጥግ የተሳሳተ መስሎት ወደ ሌላው ጥግ ዞሮ ተመለከተ። እዚያም ማንም የለም። ካሸነፉ በኋላ እንደዚያ ያሉ ልጆች አይቼ አላውቅም፤ ሊቀጡ የተጠሩ ይመስሉ ነበር።

ያን ጊዜ አንድ የኬስለር ሽማግሌ ብርድ ልብሱን ወንበሩ ላይ አኖረና ባርኔጣውን አወለቀ። መዝሙራችንን ጀመረ። የእኛን መዝሙር! አጠገቡ ያለችው ሴት ተቀበለችው፣ ከዚያ ከኋላዋ ያሉት፣ ከዚያ ጥጉ በሙሉ። ዕድሜ ልካቸውን በየኅዳሩ ከሜዳው ማዶ ሲሰሙት ኖረው አጥንተውታል፤ እኛ እም እም እያልን የምናልፈውን ሁለተኛውን አንጓ ሳይቀር ከነቃሉ ያውቁታል። ልጆቻችንም ከእነሱ ጋር ዘመሩ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱ ቀልቶ ሲዘምር ያየሁት ሰው ሮይስ ነው።

በሉተር ቤት ማንም የማንንም ፊት አላየም። ቨርሊን ቀስ ብሎ ከወንበሩ ወረደ። ማርሲ፣ «እማ፣ ያ ቦታ የእኔ ነበር» ብላ ኮቷን ሳትይዝ ወጣች። ልከተላት ኮቷን አንስቼ ተነሳሁና፣ ኮቷን እንደታቀፍኩ መልሼ ተቀመጥኩ። ክቡርነትዎ፣ አፍሬያለሁ። ብንሸነፍ ኖሮ ይህን ደብዳቤ እንዴት ባለ ደስታ እጽፍልዎ ነበር! ጥፋቱ ሁሉ የእርስዎ ይሆን ነበር፣ እኔም ለብዙ ዓመት የማወራው ነገር አገኝ ነበር። ባላንጣዬ ለልጆቼ ሲራራላቸው ከማይ፣ ሮይስ እስከ ዕለተ ሞቴ ቢስቅብኝ በወደድኩ።

ስለዚህ ጨዋታችንን ወደ ኅዳሩ፣ ወደ ብርዱ እንዲመልሱልን፣ ባንዱም ከእንግዲህ ቡድኑ በሄደበት ሁሉ እንዲሄድ በትሕትና እለምናለሁ። ይህን ለማድረግ ጊዜ ካጡ፣ ቢያንስ ልጆቹን ሰብስበው በእርስዎም በእኛም ስም ይቅርታ ይጠይቁልን፤ እኔ ልሄድ አስቤ ዓይናቸውን የማይበት ዓይን አጣሁ።

መድረክ የማያልቅብዎ፣ ግብዣ የማይጓደልብዎ እንዲሆኑ እየተመኘሁ፣ ከከፍተኛ አክብሮትና ከእሱም ከሚበልጥ ሀፍረት ጋር፣

ታዛዥዎ፣
ዶሪን ሃፍስቴተር
የበቅሎዎቹ ደጋፊ፣ በቴሌቪዥን

የተረሳ ነገር፦ ለከርሞው የራሳችን የመመለሻ በዓል ማንን ብንጋብዝ እንደሚሻል ቢሮዎ ደጋፊዎችን እየጠየቀ መሆኑን ሰማሁ። እኔ ኬስለርን መርጫለሁ። እናሸንፋቸዋለን ብዬ አይደለም፤ በንግሥታችን ፊት ሊያዋርዱን ይችላሉ። ነገር ግን ይሸነፉም ያሸንፉም፣ የእነሱ ሰዎች ይመጣሉ።