በዝሆን ጥርሶቹ ሥር ሂድ ያልኩህ

ሞምባሳ፣ ሐሙስ፣ ኦገስት 18 ቀን 1994

የጠዋቱ ቆጠራ፦ ከጠፋህ ሰባተኛ ቀን። እስካሁን የጠየቅኳቸው ሰዎች ዘጠና ስድስት። አይተነዋል ያሉኝ አራት። ከአራቱ በእርግጥ አንተን ያየ አንድም የለም። ሆስፒታል ሁለት፣ ፖሊስ ጣቢያ ሦስት፣ መስጊድ አምስት፣ ቤተ ክርስቲያን አራት።

ውድ የዋኬሾ አባት፣

የምጽፍልህ በሙዝ ደብተሬ ላይ ነው፤ ከኋላ ገልብጬ። ምን እንደደረሰብን ላታስታውሰው ትችላለህና ሁሉንም ከመጀመሪያው እጽፈዋለሁ። እጅህ ሲገባ አጠገብህ ያለ ሰው ያንብብልህ። አንባቢውም ማን እንደሆንክ ይወቅ፦ ስምህ ምዋኪዮ ነው፣ አገርህ ዉንዳኒ፣ ሚስትህ ምጎይ፣ ሙዝ ነጋዴዋ።

አምና የፍየሎቹን በረት መዝጋት መርሳት ስትጀምር ለማንም አልተናገርኩም። ዘንድሮ ልጃችንን ዋኬሾን «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ስትላት ቀድሜ ሳቅኩና «አባትሽ ቀልድ አምሮት ነው» አልኳት። ነጋዴ የተጎዳውን ፍሬ ከታች፣ ደህናውን ከላይ አድርጎ ይደረድራል። አንተንም እንደዚያ አደረግኩህ። ጎረቤት እንዳያውቅ፣ ሐኪም እንዳያይህ፣ ስምህ እንዳይወጣ። ይህን ፊት ለፊት ነግሬህ አላውቅም።

ያልረሳኸው አንድ ነገር ነበር። በተጋባን ሰሞን «ሞምባሳ ወስጄ ከዝሆን ጥርሶቹ ሥር አቆምሻለሁ» ብለኸኝ ነበር። እኔ ከዚያ ወዲህ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ሙዝ ይዤ ሞምባሳ ተመላልሻለሁ፤ ጥርሶቹን ግን ሄጄ አይቻቸው አላውቅም። የሚሸጥም የሚገዛም ነገር የለባቸውም ብዬ። በዚህ ዓመት ስሜን ስትረሳ ጥርሶቹን አልረሳህም፤ በየጠዋቱ «መቼ ነው የምንሄደው?» ትለኝ ነበር። ስለዚህ ይዤህ መጣሁ።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ደረስን። መንገዱን ከግራና ከቀኝ ተነስተው ከላይ የሚሻገሩትን ነጫጭ ጥርሶች አንጋጠህ አየሃቸው።

«ይሄ ዝሆን ቆሞ ሲሄድ ራሱ የት ይደርስ ነበር?»

«ቆርቆሮ ነው እኮ፣ የዋኬሾ አባት። እንግሊዞች ለእንግዳ መቀበያ ያሠሩት ነው።»

አላመንከኝም። ተጠግተህ በጣትህ አንኳኳኸውና በሳቅ ፍርስ አልክ። «ታዲያ ሃያ ሰባት ዓመት በቆርቆሮ ስደልልሽ ነው የኖርኩት በይኛ!» አልከኝ። ስሜንም ጠራኸው። ምጎይ አልከኝ። ከፋሲካ ወዲህ የመጀመሪያህ ነበር።

ያን ጊዜ ፎቶ አንሺው መጣ። ኮምቦ ይባላል፤ ቀይ ቆብ የሚያደርግ፣ አፉ የማያርፍ ልጅ እግር ሰው። «እማማ! አባባ! እዚህ ሥር ያልተነሳ ሞምባሳን አየሁ አይበል!» አለን። ዋጋውን ሲነግረኝ ደሜ ሞቀ። አንተን አየሁህ፤ አንተም አየኸኝ። በየገበያው የምንጫወተውን ጨዋታ እጅህ ራሱ ያውቀዋል፤ ገንዘባችን ያለበትን ቦርሳ ከእኔ ተቀብለህ ትከሻህ ላይ አደረግክ። አንተ አኩርፎ የሚሄደው ባል ነህ፤ እኔ ወዲያና ወዲህ የምለው ሚስት። ሻጩ ሁለታችንንም እንዳያጣ ይቀንሳል።

«ሂድ» አልኩህ በቋንቋችን። «እስክጠራህ ዞር ብለህ እንዳታይ።»

ሄድክ።

«እማማ፣ ባልሽ እኮ ጥሎሽ ሄደ!» አለ ኮምቦ።

«እሱ እንዲህ ነው። ውድ ነገር ሲሰማ ጆሮውን ያመዋል።»

«እንግዲያው ለጆሮው መድኃኒት ትንሽ ልቀንስ።»

«ለአንድ ጆሮ ነው የቀነስከው። ሌላኛውስ?»

እሱ ሳቀ፣ እኔ ሳቅኩ። የምናዘዝልህ እዚህ ላይ ነው። ክርክሩ ጣፈጠኝ። በግማሽ ዋጋ ሲስማማ ቶሎ ልጠራህ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ሁለት ቅጂ በአንድ ዋጋ ይሁንልኝ ብዬ ቀጠልኩ። ያንንም አገኘሁ። ከዚያ ዞሬ ስጠራህ መንገዱ ለጁምዓ ሶላት በሚሄድ ሰው ሞልቷል። ጮህኩ፣ ሮጥኩ፣ የማላውቀውን ሽማግሌ ኮት ያዝኩ። አንተ የለህም።

ሰው ሁሉ ወደ አሮጌው ከተማ መስጊዶች ይጎርፍ ስለነበር አንተንም ይዞህ የሄደ መሰለኝ። ስድስት ቀን እዚያ ፈለግኩህ። ጠባቧን መተላለፊያ ሁሉ፣ የሻይ ቤቱን አግዳሚ ሁሉ። ፖሊሱ «ፎቶግራፉን አምጪ፤ መልኩን ሳናውቅ ማንን እንፈልግ?» አለኝ። ያለህ ፎቶ መታወቂያህ ላይ ያለው ብቻ ነው፤ እሱም ኪስህ ውስጥ ነው። ቤታችን ግድግዳ ላይ የማንም ፎቶ የለም። ጊዜ የለንም ስል ኖሬያለሁ።

ትናንት ወደ ኮምቦ ተመለስኩ። በመጀመሪያው ቀን ወዴት እንደሄድክ ጠይቄው «እማማ፣ ከአንቺ ጋር ስከራከር ዓይኔን መቼ ከአንቺ ላይ አስነሳሽኝ?» ብሎኝ ነበር። ትናንት ግን ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ።

«አንዴ ተጭኜ ነበር መሰለኝ።»

«ምኑን?»

«ካሜራውን። ዋጋ ሳንስማማ አንዴ እናነሳለን፤ ደንበኛው አፍሮ እንዲከፍል። አንቺ የማታፍሪ ሆንሽብኝ እንጂ።»

አስፋልቱ ዳር ተቀመጥኩ። አሁኑኑ እጠበው አልኩት። እሱ ግን ሰሞኑን ሥራ ስለቀዘቀዘ ፊልሙ ገና አሥራ አራት ፎቶ ይቀረዋል አለኝ፤ ካላለቀ አይታጠብም፣ ሳያልቅ ካወጣው ይከስራል። የአሥራ አራቱን ልክፈልህ እንዳልለው ገንዘባችን አንተ ትከሻ ላይ ነው፤ ወገቤ ላይ የቋጠርኳትን አልጋ ቤቱ ጨርሷታል።

«እንግዲያው እኔ እሸጥልሃለሁ» አልኩት።

ዛሬ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ጥርሶቹ ሥር ቆሜ ጮህኩ። ሙዝ የምጠራበትን ድምፅ ታውቀዋለህ። «አንቺ ቆንጆ! ባልሽ ሲያረጅ እንዲህ ነበር ብትይ ማን ያምንሻል? ማስረጃ ያዢ!» «አንተ ረጅሙ! ሚስትህን ከዝሆን ጋር አነጻጽርና ቀጭን መሆኗን አሳያት!» ሰው ሳቀ፣ ቆመ፣ ተነሳ። ከናኩሩ የመጡ ሙሽሮች ሁለት ወሰዱ። አንዲት ነርስ ብቻዋን ተነሳች። ኮምቦ «እማማ፣ እዚሁ ቅሪ፤ እኔ ካሜራውን እይዛለሁ፣ አንቺ ሰውን ጥሪ» እያለ ይቀልዳል። እኔ እየጮህኩ ውስጤ ይቆጥር ነበር። ዘጠኝ ቀረ። ስድስት ቀረ።

ሦስት ሲቀር ከኪሱሙ የመጡ ባልና ሚስት ቆሙ። ሚስቲቱ ዋጋ ሰማች፣ ባሏን በክርኗ ነካችው፤ ሰውየው ፊቱን አጨፍግጎ መንገድ ጀመረ። ሥራውን አውቀዋለሁ፤ የእኛው ሥራ ነው። ግን እግሬ አልሰማኝም። ሮጥኩ። ኮቱን በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩት።

«ቁም! ሚስትህ እዚያ ነች! ተመለስ!»

«ምን ሆንሽ እናቴ፣ ልቀቂኝ! ለዋጋ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ ልጄ። አውቃለሁ። ተመለስ።»

እየጎተትኩ አምጥቼ እጁን ሚስቱ እጅ ውስጥ አስገባሁት። ሴትየዋ ልትሰድበኝ አፏን ከፍታ ፊቴን ስታይ ተወችው። ኮምቦ ከተናገሩት ዋጋ በታች አነሳቸው። የቀሩትን ሁለት የጥርሶቹን ጫፍ ብቻ ሁለት ጊዜ አንስቶ «በቃ፣ አለቀ» አለና ወደ ማጠቢያው ሮጠ።

አሁን ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። ፎቶው ጉልበቴ ላይ ነው።

ፊትህ የለም፤ ለፖሊስ አይሆንም። እኔ ከፊት ነኝ፣ አፌ ተከፍቷል፣ ሁለት ጣቴን ለኮምቦ አሳያለሁ። አንተ ከበስተኋላዬ ነህ፣ ጀርባህ ብቻ። ቦርሳው ትከሻህ ላይ ነው፣ አንገትህ ቀጥ ብሏል። አንዴም ዞረህ አላየህም። እንዳልኩህ ነው የምትሄደው። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል፤ አንተ ብቻህን በተቃራኒው። ወደ አሮጌው ከተማ አይደለም የሄድከው፣ የዋኬሾ አባት። ወደ ወደቡ ነው። ስድስት ቀን ጀርባዬን ሰጥቼህ ስፈልግህ ኖሬያለሁ።

ኮምቦ አብሮኝ አይቶ መንገዱን በጣቱ ተከተለ። በኋላ «ያ መንገድ አይታጠፍም እማማ» አለኝ። «እስከ ወደቡ በር ቀጥ ያለ ነው።» ከበሩ ወዲያስ ብዬ አልጠየቅኩትም። አውቀዋለሁ።

እየሄድክ ሳለ ድካም ይዞህ ጥላ ሥር ተቀምጠህ ሊሆን ይችላል። አንድ ዘበኛ አዝኖልህ ሻይ ሰጥቶህ ሊሆን ይችላል። ሌላም ሊሆን ይችላል፤ እሱን አልጽፈውም። ከተገኘህ ለጎረቤቱም ለሐኪሙም እኔው ራሴ እናገራለሁ፤ ምንም አልደብቅም። ደግሞም ዳግመኛ ሂድ አልልህም።

ሚስትህ፣ ምጎይ

ነገ ዓርብ፦ የሌሊቱ ዘበኞች አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሳይቀየሩ የወደቡ በር መድረስ። ፎቶውን መያዝ። ከበሩ ጎን ያሉትን ዓሣ አጥማጆችም መጠየቅ።