የነጭ ሽንኩርቱ ዱቄትና የእምየ ነገር

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ ለእታለሜ ለርብቃ መርሻ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽን እንዴት ነሽ? ወገብሽን አሁን እንዴት አደረገሽ? አገሩስ፣ ሥራውስ፣ የአሠሪዎችሽ ጠባይስ እንዴት ነው? እኛ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነን ብዬ እንዳልፍ፣ ዘንድሮ «ደህና ነን» የሚለው ቃል አፌ ላይ እየተንከባለለ አስቸግሮኛል። አባየ ደህና ነው። ይሻው ደህና ነው፤ ሰርጉ ለጥር ከተቆረጠ ወዲህ ሰውየው እግሩ መሬት አይነካም። ከብቶቹም ደህና ናቸው። እኔም እንዳየሽኝ ነኝ፤ ምላሴም አልዶለዶመም፣ ትዕግሥቴም አልጨመረም። እምየን ግን ደህና ናት ልበልሽ ወይስ አይደለችም ልበልሽ አላውቅም። ወረቀት ያስነሳኝ ይኸው የእሷ ነገር ነው።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም ትይኝ ይሆናል። እንደምታውቂው ስልኩ የሚሠራው ከቤታችን በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው፤ አንቺ ደወልሽ በተባለ ቁጥር ደግሞ እምየ ጉብታውን ከእኔ ቀድማ ወጥታ ጆሮዋን ከጆሮዬ ጋር ካልለጠፈች አይሆንላትም። ስለ እሷ እሷው ፊት እንዴት ይወራል? ስለዚህ የጎረቤታችን ልጅ እመቤት አንቺ ወዳለሽበት ወደ አማን ልትመለስ ስትሰናዳ ይህችን ጻፍሁልሽ።

ነገሩ የሚጀምረው በእሷው በእመቤት እጅ ከላክሽው የነጭ ሽንኩርት ዱቄት ነው። ጥቅምት ላይ ይዛልን ስትመጣ መጀመሪያ ሳቅሁ። ለጉና ግርጌ ሰው ነጭ ሽንኩርት ከዐረብ አገር! ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኸ ነው አልሁ። ቀጥሎ ግን ግራ ገባኝ። ዘንድሮ ሽንኩርታችን በክረምቱ ዝናብ ሥሩ በስብሶ መሬት ውስጥ እንደ ቀረ አልነገርሁሽም ነበር። የተረፈችውም ቀጭን ነበረች፤ እምየም ስታበስል «የዘንድሮ ሽንኩርት ጉልበት የለውም» ማለት አብዝታ ነበር። እኛም የሽንኩርቱ በሽታ ነው ብለን አመንናት። ታዲያ ሽንኩርት ባጣንበት ዓመት ሽንኩርት የላክሽልን ማን ነግሮሽ ነው?

እምየን ታውቂያታለሽ። ሌላ ሰው የወቀጠው ቅመም በደጇ አልፎ አያውቅም። ጠርሙሱን አይታ ትስቅበታለች፣ ምናልባትም ለአንዷ ትሰጠዋለች ብዬ ስጠብቅ፣ ከእመቤት እጅ ተቀብላ ከፈተችው። ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ቆየች። ከደነችው፣ መልሳ ከፈተችው። ወደ በሩ ብርሃን ወጥታ እንደገና አሸተተችው፤ ጥቂትም በምላሷ ቀመሰች። ከዚያ ለእኔ ሰጠችኝና «አንቺ ሥሪበት» አለችኝ። ያን ቀን እስኪመሽ እንዝርቷን ሳትነካ ዋለች። እኔ ሞኟ የአንቺ ናፍቆት ነው ብዬ ተውኋት።

ጾሙ ሲገባ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ በጠርሙሱ ላይ ሸንጎ ተቀመጠ። ጽሑፉ ዐረብኛ ነው፣ መልኩ ደግሞ የዱቄት ወተት ይመስላል፤ ወተት ቢሆንስ ተባለ። የነፍስ አባታችን ቄስ ይርጋ መጡና ክዳኑን ከፍተው አፍንጫቸውን ሰደዱበት። ዕንባቸው እስኪወርድ አነጠሱ። «ልጆቼ፣ እንዲህ የሚያስነጥስ ወተት በእግዚአብሔር ምድር ላይ የለም፤ ጹሙበት» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እምየ ግን አልሳቀችም። ሲያነጥሱ ትክ ብላ ታያቸው ነበር።

አሁን ስለ ሥራዬ ልንገርሽና ሳቂብኝ። በመጀመሪያው ቀን እንደ ወጋችን ቀይ ሽንኩርቱን አቁላልቼ፣ ዘይቱ ሲንጣጣ ዱቄቱን ቁሌቱ ላይ ገለበጥሁት። ለእኔ ነጭ ሽንኩርት ቦታው ቁሌት ነው፤ ሌላ ቦታ አላውቅለትም። ማማሰያውን እስካነሣ ጠቁሮ ጠበቀኝ። ምስሩ መረረ። አባየ አንድ ጎርሶ ገበታውን ገፋ፤ እምየም «ምን አቃጥለሽ ነው፣ ሬት ሆነ እኮ» አለችኝ። በስልክ ስጠይቅሽ፣ ውሃው ከገባ በኋላ፣ ሊወጣ ሲል፣ ለአንድ ራስ ሽንኩርት አንዲት ትንሽ ማንኪያ እንደሚበቃ ነገርሽኝ። እንዳልሽው ሳደርግ ሆነ። ሽሮ ላይ ጥሩ ነው፤ ዱቄት ከዱቄት ጋር ይስማማል። ጎመን ላይ ግን አልወደድሁትም፤ ጎመን የተጨፈለቀ ሽንኩርት ጥርስ ላይ ሲገኝ ነው ደስ የሚለው። ይኸኛው ቶሎ ይሸታል፣ ቶሎ ይጠፋል፤ ትንሽም ይጣፍጣል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ብዬ ለመድሁት።

አንድ ቀን ግን ከወንዝ ዘግይቼ ገብቼ እሳቱ አልያዝ ብሎኝ ስቻኮል፣ ዱቄቱንም ምኑንም ሳልጨምር ሽሮውን አወጣሁ። ገበታ ላይ ነው ያስታወስሁት። ስድቤን ስጠብቅ እምየ ጎርሳ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ዛሬስ የርብቃ ሽንኩርት ደህና አድርጎ ገብቷል፤ እጅሽን ይባርከው።» ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ታሾፍብኛለች ብዬ ፊቷን ባየው የቀልድ ምልክት የለበትም። ወዲያው ደግሞ «ጨው ግን አንሶታል» አለች፤ ብቀምሰው እውነቷን ነው፣ አንሶታል። ይኸን እንዴት አድርጌ ልረዳው? ምሬቱን ያወቀች፣ ጨውን እንዲህ የምትለይ ምላስ፣ የሌለ ሽንኩርት ያመሰገነችው ምን ሆና ነው?

ነገሩ ሲያብከነክነኝ ከእመቤት እናት ጥቂት እርጥብ ሽንኩርት ለምኜ መጣሁና፣ እምየ ጥጥ በምትፈትልበት አጠገብ ሙቀጫውን አስቀምጬ መውቀጥ ጀመርሁ። እኔ ዐይኔ አነባ። እሷ ቀና ብላ «ምን እየወቀጥሽ ነው?» አለችኝ። እታለሜ፣ በመንገድ ስታልፍ የየቤቱን ወጥ በጠረኑ የምትለየዋ እምየ ውብአለም ናት ይህን የጠየቀችኝ። ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ሳለ ድስቱ አርሮ ቤቱ ጭስ በጭስ ሆኖ ደረስሁ። እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ነው አለች። እንዝርቷ ግን በእጇ ላይ ይሽከረከር ነበር።

ገባኝ፤ ግን መናገር አቃተኝ። ዐይን ሲደክም መሪ ይያዛል፣ ጆሮ ሲከብድ ጮክ ይባላል፤ አፍንጫ ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ማን አስተምሮኝ ያውቃል? ተናድጄ ድስት አጋጫለሁ፣ ተመልሼ ደግሞ አዝናለሁ። ከሁሉ ያስፈራኝ የሰርጉ በርበሬ ነበር። በእኛ አካባቢ የሰርግ በርበሬ እምየ ሳታሸተውና «በቃው» ሳትል ለፀሐይ እንደማይሰጣ ታውቂያለሽ። አሁን ደግሞ የገዛ ልጇ ሰርግ ነው። ተሳስታ «በቃው» ብትል፣ የይሻው ሙሽራ እናት ዘነበችና ሴቶቿ ምን ይላሉ? ወጡ ተበላሽቶ በልጇ ሰርግ ዕለት ብትታማስ?

ቀኑ ደረሰ። ዘነበች ከዘመዶቿ ጋር መጣች። የተገኘው እርጥብ ሽንኩርት ለበርበሬው አልበቃ አለ፤ ገበያውም እሳት ነው። ዘነበች «የርብቃ ዱቄት አለ አይደል፣ በእሱ እንሙላው» ስትል ሴቶቹ ተከራከሩ፤ አንዷ በርበሬው ይሻግታል፣ ሌላዋ እንዲያውም ቶሎ ይደርቃል አለች። እምየ «ጨምሩት» አለች። ተወቀጠ፣ ታፍኖ አደረ። በማግሥቱ ሲከፈት ሁላችንም አነባን። ዘነበች በሁለት እጇ ዘግና ወደ እምየ ቀረበችና «እትየ ውብአለም፣ ምን ይላሉ? ሽንኩርቱ በቃው?» አለቻት።

እምየ ጎንበስ ብላ ቆየች። ቀና አለችና «ፍቅርተ፣ ነይ» አለች። ከዚያም ለሴቶቹ «እኔስ አረጀሁ። ከዛሬ ወዲያ የዚህን ቤት በርበሬ የምታሸተው እሷ ናት፤ እሷን ጠይቁ» አለቻቸው። እልልታው ቀለጠ፤ ሴቶቹ ወግ ያስተላለፈችልኝ መሰላቸው። ጎንበስ ብዬ አሸተትሁ። ምን ልበልሽ፣ ምንም አልገባኝም! ወራት ሙሉ በዱቄት ስሠራ ከርሜ እርጥቡና ደረቁ ተቀላቅለው ሲመጡብኝ፣ በዛ ይሁን አነሰ መለየት አቃተኝ። እርዳታ ፍለጋ የእምየን ፊት አየሁ፤ እሷ ደግሞ የእኔን ፊት እያየች ነበር። «ጥቂት ይቀረዋል» አልሁ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ጨመሩበት። ልክ ነበርሁ ወይስ አልነበርሁም፣ ጥር ላይ የሰርጉ ወጥ ይፈርዳል።

ሴቶቹ ሲሄዱ እምየ እንዝርቷን አንሥታ፣ ሳታየኝ «መቼ አወቅሽ?» አለችኝ። ነገርኋት። እሷም ነገረችኝ። የክረምቱ ጉንፋን ሲለቃት ሽታ ሁሉ አብሮት ሄዷል። መጀመሪያ ያገሩ ሽንኩርት የደከመ መስሏት ነበር፤ ስለዚህ እኔ ጉብታው ላይ ሳልደርስ አንቺን «በዚያ አገር ጉልበት ያለው ሽንኩርት ካለ ላኪልኝ» አለችሽ። ለካ የጠየቀችሽ እሷ ናት! አንቺም አንድ ቀን አልነገርሽኝ፤ ለዚህስ ተቀይሜሻለሁ። «የርብቃም መጥቶ ዝም ሲለኝ» አለችኝ፣ «ጥፋቱ የሽንኩርቱ አይደለም፣ የእኔ ነው አልሁ።» ለርብቃ እንዳትነግሪ፣ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች ብላ በማርያም አስምላኛለች። መሐላዬን አፍርሼ ነው የምጽፍልሽ፤ በስልክ እንዳላወቅሽ ሁኚ። ከሰርጉ በኋላ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ። እዚህ የጤና ጣቢያው ባለሙያ ሊመለስም፣ ላይመለስም ይችላል ብሎኛል።

ከዚያ ተነሥታ ሳጥኗን ከፈተችና ከሥር አንድ ነጠላ አወጣች። ልትሄጂ ስትይ አውልቀሽ የተውሽው ነው። ሳታጥበው አስቀምጣዋለች፤ እኔ አላውቅም ነበር። ለካ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሳጥኑን የምትከፍተው ለዚህ ኖሯል። «ሽንኩርቱስ ይቅርብኝ» አለችኝ፤ «እስኪ ይህን አሽትቺልኝ። የልጄ ሽታ አሁንም አለበት ወይስ ለቀቀ?»

አሸተትሁት። የሳጥኑ እንጨት ሸተተኝ፣ ትንሽ ጭስም ሸተተኝ። አንቺን ፈለግሁሽ፤ ሽታሽ ምን እንደነበረ ማስታወስ አቃተኝ። «አለበት» አልኋት። ፊቷ እንዴት እንደበራ ብታይው! ደህና አድርጋ አጥፋ መለሰችው። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ታወጣዋለች፣ እኔም አሸትቼ «አለበት» እላታለሁ። እየዋሸኋት ነው ወይስ እውነት ተናግሬያለሁ፣ ራሴም አላውቀውም። እታለሜ፣ ከእንግዲህ ሽንኩርት አትላኪ። የለበስሽውን አንድ ልብስ ሳታጥቢ፣ በደንብ ጠቅልለሽ፣ ወደዚህ ለሚመጣ ሰው ስጪልኝ። እሷ ባታሸተውም፣ እኔ «አለበት» ስላት እውነቴን ይሁን።

አባየ ስትጾሚ ራስሽን እንዳትጎጂ ብሏል። ይሻው ለሰርጉ ባትደርሺም ምርቃትሽ ይድረሰኝ ይላል፤ ሙሽራይቱም ሳታይሽ ትናፍቅሻለች። ቄስ ይርጋ በጸሎት አልረሳኋትም ብለውሻል፤ ዱቄቱን ባዩ ቁጥር አፍንጫቸውን ይይዛሉ። የእመቤት እናትም ጉንጭሽን ስማለች። እምየ አሁን ከጎኔ ናት። ስለ ሰርጉ እየጻፍሁላት ነው ብያታለሁ፤ «ልጄ ትብላ፣ ትጠጣ፣ ደህና ትሁንልኝ በይልኝ» አለች። ብያለሁ።

እህትሽ ፍቅርተ መርሻ
ገሳይ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.