በሩን የሚይዝ ሰው

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ቀኑን ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ዋልኩ። በእጄ! ወንድሜ ቤት ካለ የስፌት መኪናዋን አላንቀሳቅሳትም፣ ድምጿ ያስደነግጠዋል። ጣቴ ተበሳስቷል፣ ወገቤ ተቆርጧል፣ ግን ደስታዬን ምን ላድርገው... ወንድሜ ጢሙን ተላጨ! ማንም ሳይለምነው። ከጦር ሜዳ ከተመለሰ ወዲህ መስታወት ፊት ሲቆም ዛሬ ገና አየሁት። እንዳላየሁ ሆኜ አየሁት።

"ሐሙስ እሄዳለሁ" አለኝ።

"የት?"

"እዛ... የቀድሞ ወታደሮች የሚሰበሰቡበት። ሐኪሟ ያለችው።"

"ጎሽ የኔ ጌታ! አብሬህ እሄዳለሁ፣ ሸሚዝህን አሁኑኑ..."

"እትዬ፣ ቀስ። ጎረቤት ሁሉ ሰማ።"

ዝም አልኩ። ትንሽ።

ድሮ ሆስፒታል ስንሄድ ግማሽ ቀን ወረፋ ነበር። ከዚያ "ትተኛለህ? አትተኛም? በል ይህን ዋጥ።" አለቀ። ይቺኛዋ ሐኪም ግን ሌላ ናት። "ከእኔ ይልቅ እሱ ያየውን ያየ ሰው ቢያገኝ ይሻለዋል" አለችኝ። እስቲ እናያለን...

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ስስቅ ነው የዋልኩት፣ ደግሞ መሃል ላይ እንባዬ ይመጣል። አዳራሹ ከሆስፒታሉ ጀርባ ነው። ሐኪሟ ወንበሮቹን መሃል ላይ ክብ አድርጋ ደርድራለች። እነዚያ ትላልቅ ሰዎች ገቡ፣ ወንበሮቹን አዩ፣ ሄደው ግድግዳ ተደገፉ። "ተቀመጡ እንጂ" ትላለች። "እሺ" ይላሉ። ንቅንቅ የለም።

ለካ በክብ ሲቀመጡ ግማሹ ሰው ጀርባውን ለበሩ ይሰጣል። ማን ይስጥ?

አንድ ቀጭን ሰውዬ አለ፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። "ዶክተር፣ ወንበሩ ምንም አልበደለም። ጥበቃ የለንም። አንድ ሰው በሩን ይያዝ፣ ሌላው ይቀመጥ" አለ።

ወንድሜ ሌላ ሰው ሳይቀድመው "እኔ እይዛለሁ" አለ። ወጥቶ ቆመ። ሁሉም ተቀመጡ!

እኔ ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ለወንድሜ ስለ ብርዱ፣ ስለ ግድግዳው ቀለም፣ ስለ ጫማው አወራለሁ። ሾፌሩ አንገቱን ብቅ አደረገ። "እትዬን በር ላይ ብናቆማት እኮ ጠላት በወሬ ያልቅ ነበር።"

ወንድሜ ሳቀ። ሳቀ! እንዴት እንደሚስቅ ረስቼው ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ሐኪሟ ለየሰዉ የሚደውልለት አጋር መደበች፣ ለወንድሜ ሾፌሩ ደረሰው። በየማታው ይደውልለታል። "እንዴት ነህ? ውሸቱን ተወውና፣ እንዴት ነህ?" ይለዋል። የስልኩ ድምፅ ጎልቶ ይሰማል እንጂ እኔ ጆሮዬን አልቀስርም። እሺ... እቀስራለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ወንድሜ አሁንም በር ላይ ነው። ሌሎቹ ተራ እንያዝልህ ቢሉት "ግድ የለም" ይላል። ይሰማል እንጂ አይገባም። ሐኪሟን "እስከ መቼ?" አልኳት። "እዚህ በር ድረስ መምጣቱም ቀላል እንዳይመስልሽ" አለችኝ። አይመስለኝም። ግን በእንቅልፉ እየቃዠ ስሙን የሚጠራው ሰው ማን ይሆን? ብጠይቀው ይነግረኛል? እኔን እንኳ...

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ሾፌሩ ቤት መጣ። የጃኬቱ ዚፕ ተበላሽቶበታል። ሻይ ሰጠሁት። የስፌት መኪናዋን ጨርቅ ለብሳ ሲያያት "ምነው፣ ይቺ ጡረታ ወጣች?" አለ። ወንድሜ አቀረቀረ። ሾፌሩ ወዲያው ገባው።

"አይዞህ ወንድሜ፣ እኔም የመኪናዬን ክላክስ ነቅዬዋለሁ።"

በሳቅ ፈረስን። ክላክስ የሌለው የጭነት መኪና! በምን ሊያስጠነቅቅ ነው፣ በፉጨት?

"ዚፑን ለነገ አደርስልሃለሁ" አልኩት።

"አትቸኩይ እትዬ። አልፈልገውም ለጊዜው።"

በዚህ ብርድ?

ስሸኘው በር ላይ "አንተስ? አንተ እንዴት ነህ?" አልኩት።

"እኔማ ሾፌር ነኝ። የሚያስመልሰው ተሳፋሪውን ነው።"

ሳቅሁ። ምን ዓይነት ሰው ነው! እንዲህ ያለ ሰው ቤት ሲገባ ቤቱም ይሞቃል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ዛሬ አልደወለም። ወንድሜ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ። "መንገድ ላይ ይሆናል" አልኩ። "ኔትወርክ ይሆናል" አልኩ። "ባትሪው አልቆ ይሆናል" አልኩ። ብዙ አልኩ...

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሾፌሩ ራሱን አጠፋ።

ሐኪሟ አዳራሹ በር ላይ ጠብቃ ነገረችን። አከራዩ ናቸው ያገኙት። ወንበሮቹ እንደተደረደሩ ቀሩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ከቀብር ተመለስን። ወንድሜ ክፍሉ ገብቶ ዘጋ። ምግብ አልበላም፣ ውሃ አልጠጣም። በሩን ተደግፌ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

"በየማታው እንዴት ነህ ይለኝ ነበር" አለ ከውስጥ። "እኔ አንድ ቀን አንተስ አላልኩትም።"

እኔ ብዬው ነበር... ቀልዱን ሰምቼ ስቄ ገባሁ እንጂ። ሁላችንም እሱ ጠያቂ ስለሆነ ደህና ነው ብለን ነበር።

ለሐኪሟ ደወልኩ። "መድኃኒቱ በእጅሽ ይሁን። ደግሞ በግልጽ ጠይቂው። ራስህን ልታጠፋ አስበሃል ወይ በይው" አለችኝ። ያን ሁሉ የምለፈልፍ ሴትዮ ይቺን አንዲት ጥያቄ ለማውጣት ምላሴ ተሳሰረ። ዞር ዞር አልኩ። መሃረቤን አጠፍኩ፣ ዘረጋሁ።

ጠየቅሁት።

ከበሩ ወዲያ "አስቤያለሁ" አለ።

ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ። በሩን ከፈተው። ሐኪሟ እስክትመጣ እጁን ይዤ ተቀመጥኩ፣ እሱም አልነጠቀኝም። የመጣችው የጫማዋን ማሰሪያ እየጎተተች ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ሐኪሟ በየቀኑ እየመጣች ታየዋለች። ዛሬ ግን አዳራሽ አልሄድም አለ። ሰዎቹ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? እነሱ መጡ! ቤቴ ጢም አለ። አንዱ የጨርቅ ጥቅል ላይ፣ ሌላው መስኮት ላይ። አንድ ደንዳና ሰውዬ የተቀመጠባት በርጩማ ስታቃስት "አሁን እኔ ልጩህ ወይስ እሷ?" አለ። ማንም ብዙ አልሳቀም፣ ግን ጥሩ ነበር።

ሐኪሟ "ደዋዮቹን ማን ይጠይቃቸዋል ብዬ አላሰብኩም" አለች። ከዛሬ ጀምሮ ሦስት ሦስት እየሆኑ ይደዋወላሉ፣ "አንተስ?" ሳይባባሉ ስልክ መዝጋት የለም። ደዋዮቹንም እሷ ራሷ ለየብቻ ታነጋግራቸዋለች።

ወንድሜ ሚስማር ላይ የተሰቀለውን ጃኬት ሲያይ ቆይቶ "ዚፑን ጨርሺው" አለኝ።

"ወፍራም ነው፣ በእጅ አይሆንም..."

"በመኪናዋ ስፊው። እኔ አለሁ።"

ጨርቁን ገፈፍኩላት። ፔዳሉን ስረግጥ የወንበሩን ጠርዝ ጨምድዶ ያዘ፣ ላብ አሰመጠው። ደንዳናው ትከሻውን ያዘለት። ላቆም ስል "ቀጥይ" አለኝ። እያለቀስኩ ነው የሰፋሁት፣ ግን መስመሩ አልተጣመመም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

አዳራሽ ሄድን። እንደ ልማዱ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ የሾፌሩን ጃኬት ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ።

"እትዬ፣ ዛሬ አንቺ ያዢልን።"

"እኔ?"

"አንቺ።"

ገባ። የቀረችው ወንበር ጀርባዋን ለበሩ የሰጠችው ናት። እሷ ላይ ተቀመጠ።

ፊቴን ወደ ኮሪደሩ አዞርኩ። ጃኬቱ ይውጠኛል፣ እጅጌው ከጣቶቼ አልፎ ይንጠለጠላል። ዚፑን እስከ አንገቴ ሳብኩት። የትም ሳይያዝ ወጣ። የጽዳት ሠራተኛዋ ስታልፍ "ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" አለችኝ።

"ጥበቃ ነኝ።"

ሌላ ቃል አልጨመርኩም። እኔ!

ከኋላዬ የወንድሜን ድምፅ ሰማሁ። ያን በእንቅልፉ የሚጠራውን ስም ጠራ። ቆመ። እንደገና ጠራው። ከዚያ መናገር ጀመረ።

ሁሉንም ሰምቻለሁ። እዚህ ግን አልጽፈውም። የነገረው ለእነሱ ነው፣ እኔ በር ይዤ ነበር።