የሰረዝኳት ክብ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን

እታለም፣

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? እማማስ ጉልበቷን ተሻላት? እኛ ደህና ነን። ሰሞኑን ሁለት ጊዜ ደውዬ ይህንኑ ጠይቄሽ ዘጋሁ፤ ልነግርሽ የፈለግሁት ግን ሌላ ነበር። አፌ እምቢ ስላለኝ እጄ ይንገርሽ።

አምና ለእረፍት መጥተሽ፣ ሳል አልለቅ ሲልሽ፣ እየተነጫነጭሽ ሲቲ ስካን አስነሳሁሽ፤ "ንጹሕ ነሽ" ብዬሽ ምሳ በላን። ንጹሕ አልነበርሽም። ቀኝ ሳንባሽ ላይ፣ ከታች በኩል፣ ሰባት ሚሊሜትር የምትሆን እብጠት አለች። ቁጭ ብለሽ አንብቢ፣ አትደንግጪ፤ እንዲህ ያሉት አብዛኞቹ ምንም ሳይሉ ከሰው ጋር የሚኖሩ ናቸው። ግን በስድስት ወሯ እንደገና መታየት ነበረባት፤ ይኸው አስራ አራት ወር ሆነ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

እንዴት መሰለሽ። ምስል በምናነብበት ክፍል ኮምፒውተሩ ራሱ ሳንባውን ይፈትሽና የጠረጠረውን ቦታ በቀይ ክብ ያሳየናል። እኛ "አሳባቂው" ነው የምንለው። የደም ስር ሲታጠፍ ባየ ቁጥር ያሳብቃል፣ የድሮ ጠባሳም አይቶ ያሳብቃል፤ ከአስሩ ዘጠኙ ውሸት ነው። ክቡን ስንሰርዝ ምክንያት እንጽፋለን። የቤተሰብን ምስል ደግሞ ሌላ ሐኪም ነው የሚያነበው፤ ደንብ ነው። አንቺ በር ላይ ቆመሽ "ራበኝ እኮ፣ ዶክተር ተብዬው!" ስትዪ፣ እኔው አየሁት። አንዲት ክብ ነበረች። "የደም ስር" ብዬ ጽፌ ሰረዝኳት። እውነቱን ልንገርሽ፣ በቅጡ እንኳ አላየኋትም፤ ደህና እንድትሆኚልኝ ፈልጌ ነው የሰረዝኳት።

ባለፈው ሳምንት የተሰረዙ ክቦች በሙሉ እንደገና ይታዩ ተባለ። አዲሷ ሐኪም ያንቺን ከፍታ "ይሄን ማን ነው የሰረዘው?" አለች።

"እኔ።"

"ታካሚዋ ማናት?"

"እህቴ።"

ሻይዋን አስቀምጣ ምስሉን ወደ እኔ አዞረችው። ከምትሰድበኝ በላይ ነው ያሳፈረኝ።

የአምናው ምስልሽ ያለበት ሲዲ ከደብዳቤው ጋር አለ። ነገውኑ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ አዲስ ምስል ተነሺና ከዚህ ጋር ይነጻጸር። ወንድሜ ሐኪም ነው እንዳትዪው፣ በራሱ ዓይን ይየው። ስራ በዝቶብኛል የሚል ነገር ደግሞ እንዳልሰማ!

ልጆች ሳለን አንቺም አሳባቂ ነበርሽ፤ ግማሹን ከራስሽ ትፈጥሪው ነበር። እማማ ግን አንድም ቀን "ውሸቷን ነው" ብላ አልተቀመጠችም፤ ሁልጊዜ ተነስታ መጥታ ታይ ነበር። ያን ቀን እኔ አልተነሳሁም።

ለእሷ የምነግርበት አፍ የለኝም። አንቺ አሳብቂብኝ። ጉልበቷን ቢያማትም ተነስታ፣ እጅሽን ይዛ ትወስድሻለች።

ጤናሽን አብዝቶ ይስጥልኝ፤ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ አብቂ። አሜን በይ።

ወንድምሽ